ባሕር ብቻ የጎደለው ክልል

የቲቸር ከድርን ሞት የሰማሁት በቴሌግራም ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል አብረን የተማርን ልጆች እስከ ዛሬ ያላፈረስነው አንድ ግሩፕ አለን፤ ስሙ "ካቢኔ" ይባላል። መልእክቱን የላከው ፈይሳ ነበር፦ "የተከበራችሁ የካቢኔ አባላት፣ ቲቸር ከድር ዛሬ ጠዋት ሁሩታ ቤታቸው አርፈዋል። አላህ ይማራቸው። ቀብሩ ከዙሁር በኋላ ነው። ፈይሳ፣ ርዕሰ መስተዳድር።"

ሌላ ሰው ቢያነበው በሞት ላይ የተቀለደ ይመስለዋል። እኛ ግን የእሳቸውን ሐዘን በሌላ መንገድ መግለጽ አናውቅበትም። የንጹሕ ውሃ ቢሮ ኃላፊዋ ጫልቱ የሚያለቅስ ፊት ላከች። የዓሣ ሀብት ቢሮ ኃላፊው "ክልላችን አባት አጣ" ብሎ ጻፈ። እኔ የመብራት ማማ ቢሮ ኃላፊ ነኝ፤ መርከቦች በጨለማ ከዓለት ጋር እንዳይጋጩ የሚያበራላቸውን ማማ የሚያስተዳድር ቢሮ ማለት ነው። አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስሆን መልእክቱን ያነበብኩት የካፌ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ሰልፉን ትቼ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ለቀብሩ አልደረስኩም፤ ለለቅሶው ግን ደረስኩ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ማስረዳት ይኖርብኛል። ክልላችን የባሕር ጠረፍ ክልል ነው። ዋና ከተማው አሰላ ውስጥ፣ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። በመስኮቱ በኩል ጭላሎ ይታያል፤ በዚያ በኩል የሚመጣው ደግሞ ብርድ ብቻ ነው። ከካቢኔው አባላት መካከል ባሕር ያየ አልነበረም። ያዩት ቲቸር ከድር ብቻ ናቸው።

ቲቸር ከድር የዜግነት ትምህርት ያስተምሩን ነበር። የሁሩታ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው፣ አሰብ የእኛ በነበረችበት ዘመን፣ እዚያ አስተዳደር ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል። ከዚያ ኑሮ ይዘው የተመለሱት ሁለት ነገር ነው፤ እጅጌ ጉርድ ነጭ ሸሚዝና ላብ። ሸሚዙን በኅዳር ውርጭ እንኳ ከኮታቸው ሥር ይለብሱታል። ላቡ ደግሞ አሰብን ባነሡ ቁጥር ይመጣል። መሐረባቸውን አውጥተው ደረቅ ግንባራቸውን ይጠርጉና፣ እኛ ጃኬት ደርበን እየተንቀጠቀጥን፣ "ይህ ሙቀት አይቻልም" ይላሉ። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች በደብተር ያራግቡላቸው ነበር። አይቆጡም። "አመሰግናለሁ፤ ነፋሱ ከቀይ ባሕር ነው" ብለው ትምህርቱን ይቀጥላሉ።

የዚያ ሰሞን ርዕስ "የክልል መንግሥት አደረጃጀት" ነበር። መጽሐፉ ላይ ምክር ቤት፣ ካቢኔ፣ ቢሮ፣ ጽሕፈት ቤት የሚሉ ሣጥኖች ተሥለው በቀስት ተያይዘዋል። ቲቸር ከድር ሣጥኖቹን ሰሌዳው ላይ ገለበጡ፤ ወደ ኋላ ራቅ ብለው አዩዋቸው፤ ከዚያ ዳስተር አንሥተው አጠፏቸው። መንግሥት በሥዕል አይገባም፣ ራሳችሁ መሥርታችሁ ታዩታላችሁ አሉን።

ፈይሳ እጁን አውጥቶ የትኛውን ክልል እንደምንመሠርት ጠየቀ። አባቱ ኢተያ ላይ ስንዴ ይነግዳሉ፤ እሱም እንደ አባቱ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ገና ሲጠይቅ ራሱን ርዕሰ መስተዳድር አድርጎ እንደ ጨረሰ ሁላችንም አውቀናል።

"የባሕር ጠረፍ ክልል" አሉ ቲቸር ከድር።

"ቲቸር፣ የምን ባሕር? እዚሁ የምናውቀውን አይሻልም?"

"እዚሁ የምናውቀውን ካደረግን አንዱ ኃላፊ መጥቶ ራሱን ያየዋል፤ ራሱን ባያይ አጎቱን ያያል። ባሕሩ ግን ሩቅ ነው፣ ኦቦ ፈይሳ። ዓሣም አይቀየምም፤ ዘመድ የለውም።"

አደረጃጀቱን ከአሰብ ትዝታቸው እየቀዱ አስተማሩን። የጠረፍ አስተዳደር ከደጋው የሚለየው የግዛቱ ግማሽ ሰው የማይቆምበት በመሆኑ ነው አሉ። ስለዚህ ወደቡን የሚመራ፣ ጀልባ የሚመዘግብ፣ ዓሣው እንዳያልቅ የሚጠብቅ፣ ጨው የሚያስመርት፣ ማማው ላይ የሚያበራ መኖር አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚጠጣ ውሃ የሚያመጣ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጠረፍ ላይ የሚኖር ሰው ቀኑን ሙሉ ውሃ እያየ ይጠማል። ምክር ቤቱ ርዕሰ መስተዳድሩን ይመርጣል፤ ርዕሰ መስተዳድሩ ካቢኔውን ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። አፈ ጉባኤ አለ፣ ኦዲተር አለ። በየቢሮው ኃላፊ፣ ምክትል ኃላፊና የምክትል ኃላፊው አማካሪ ይመደባል።

ሹመቱን ስንከፋፈል ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ሥልጣን ያልደረሰው ሮባ ብቻ ሆነ። ሮባ በዚያ ቀን አርፍዶ ስለመጣ ነው። ምን እናድርገው ብለን ብዙ ተከራከርን፤ በመጨረሻ ሕዝብ አደረግነው።

ቲቸር ከድር ይህን ሲሰሙ ሊያርሙን ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን መሐረባቸውን አወጡ። "በትክክል ሠርታችሁታል" አሉ ግንባራቸውን እየጠረጉ። "አሰብም እንዲሁ ነበረች።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁሉም ቢሮ አገልግሎት ለሮባ ሆነ። በየሳምንቱ ስብሰባ ይጠራና "ሕዝቡ ይወያይበት" ይባላል፤ እሱም ብቻውን ጥግ ላይ ተቀምጦ ይወያያል። አንድ ጊዜ እጁን አውጥቶ ሊናገር ሲል አፈ ጉባኤዋ ሰዓት አልቋል አለችው። ሲወጣ ቅሬታውን ለማን እንደሚያቀርብ ጠየቀኝ። የቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት እንዳለን፣ ኃላፊው ግን ስብሰባ ላይ እንደሆነ ነገርኩት።

የአደረጃጀቱን ሠንጠረዥ በትልቅ ወረቀት ሠርተን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። በጣም የሚያምር ነበር፤ ቀስቶቹን በቀይ ያሠመርኳቸው እኔ ነኝ። ቲቸር ከድር ፊቱ ቆመው አዩትና ጫልቱን ጠሯት።

"ይህ ቀስት ወዴት ይሄዳል?"

"ወደ ላይ፣ ቲቸር። የውሃ ቢሮ ተጠሪነት ለርዕሰ መስተዳድሩ ነው።"

"ይሄኛውስ?"

"እሱም ወደ ላይ።"

"ወደ ታች የሚሄድ አንድ ቀስት አሳዪኝ።"

ጫልቱ ፈለገች። እኔም ከመቀመጫዬ ፈለግኩ። አንድም አልነበረም፤ ሮባን ጭራሹን ሠንጠረዡ ላይ አላስገባነውም። ቲቸር ከድር ወደ እኛ ዞሩ። "ውሃ ወደ ታች ይሄዳል፤ ተጠሪነት ወደ ላይ ይሄዳል" አሉ። "ሁለቱ ሳይገናኙ የሚቀሩት ለዚህ ነው።" ፈተና ላይ ይመጣል ብለን ሁላችንም ጻፍነው። አልመጣም።

የቲቸር ከድር ሕግ ማንም በባዶ ሹመት እንዳይቀመጥ ነበር። እያንዳንዱ ቢሮ ዓመቱ ሳያልቅ ግቢው ውስጥ በእጅ የሚዳሰስ አንድ ነገር መሥራት አለበት። የእኔ ቢሮ የቤተ መጻሕፍቱን የተቃጠለ አምፖል ቀየረ። የወደብ ቢሮ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባ። የጨው ቢሮ ምን መሥራት እንዳለበት እስከ መጨረሻው ሳያውቀው ቀረ፤ ቢሆንም ሪፖርቱ ከሁላችንም ይረዝም ነበር።

የከበደው የጫልቱ ቢሮ ነበር፤ ትምህርት ቤታችን ውሃ አልነበረውም። የከተማው ዋና ቧንቧ ከአጥሩ ውጭ ያልፋል። የቀረው ከአጥሩ እስከ ሽንት ቤቱ ቆፍሮ ማገናኘት ብቻ ነበር። ሥራው የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ጥያቄው ከሌላኛው መምጣት አለበት ይላል። ሌላኛው በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ ተይዟል ይላል፤ የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሁልጊዜ የሚቀጥለው ነው። እኛ በየጠዋቱ ከቤት በሃይላንድ ውሃ ይዘን እንመጣና በርሜል ውስጥ እንገለብጣለን። እረፍት ሳይደርስ ያልቃል። እኛ ሴቶቹ በየወሩ ጥቂት ቀን እንቀር ነበር። ለምን እንደምንቀር ሁሉም ያውቃል፤ ስብሰባ ላይ ግን ማንም አንሥቶት አያውቅም። ከሁላችንም ይበልጥ የምትቀረው አጠገቤ የምትቀመጠው ጫልቱ ነበረች፤ ቤቷ ሩቅ ስለሆነ በእረፍት ሰዓት ሄዳ መመለስ አትችልም።

ነገሩን ለካቢኔ ያቀረበችው ራሷ ናት። ቆማ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ቀርታ ያመለጧትን ፈተናዎች ዘረዘረች። ወንዶቹ ዴስካቸውን ያዩ ጀመር። ቲቸር ከድር ያን ቀን ስለ አሰብ አላወሩም፤ መሐረባቸውን ግን አወጡ።

"ይህ ክልል ዓመቱ ሳያልቅ ውሃ ካላስገባ አፈርሰዋለሁ" አሉ። "ማንም ከእኔ ማርክ አይጠብቅ። እኔም ጡረታዬ ደርሷል። እዚህ ግቢ ውስጥ እጄን ሳልታጠብ አልወጣም።"

ከዚያ ሱፐርቪዥን መጣ። በማለዳው፣ ማንም ሳይጠራው፣ የማዘጋጃ ቤቱ የውሃ ቦቴ በትልቁ በር ገባ። በሩ ፊት ያለውን አቧራ አርከፈከፈ፤ በርሜሎቹን ሞላ፤ ሽንት ቤቶቹ ታጠቡ፤ አበቦቹ ሳይቀሩ ጠጡ። ቡድኑ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰና ሲዘዋወር የእኛ ክፍል ገባ። ሠንጠረዡን ያየው የቡድን መሪ ዓይኑ በራ። የየቢሮው አፈጻጸም እንዲቀርብለት ጠየቀ።

የዓሣ ሀብት ቢሮ ኃላፊው ተነሣ። አፈጻጸማችን ከዕቅድ በላይ ነው አለ። የቡድን መሪው በምን ምክንያት እንደሆነ ጠየቀው። ኃላፊው ሲያብራራ ባሕር ስለሌለን የዓመቱ ዕቅዳችን ምንም ዓሣ አለማጥመድ ነበር፣ ይሁንና ባለፈው ሳምንት ከባቱ የመጣ አንድ ዓሣ ገበያው አጠገብ ያለ ምግብ ቤት ውስጥ አይተናል አለ። የቡድን መሪው ራሱን ነቀነቀና "ከዕቅድ በላይ" ብሎ ጻፈ። በምክር ቤት፣ በካቢኔና በቢሮ ተሟልቶ የተደራጀ ክፍል አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ይህ ምርጥ ተሞክሮ ስለሆነ በአካባቢው ላሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ መስፋፋት አለበት ብሎ አቅጣጫ አስቀመጠ። ተጨበጨበ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ቦቴውም ሄደ። በማግሥቱ በርሜሎቹ ባዶ ነበሩ። ቲቸር ከድር ግን ቦቴው በበሩ ሲወጣ ቆመው ሲያዩት ነበር፤ ያን ዕለት ያየሁባቸውን ፊት አልረሳውም። ዕድሜ ልኩን ያስቸገረው ቁልፍ የተከፈተለት ሰው ይመስሉ ነበር። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሲገቡ ጠመኔ አላነሡም።

"ውሃ ለተማሪ አይመጣም" አሉን። "ለእንግዳ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የጎደለን ውሃ አይደለም። እንግዳ ነው።"

በዚያው ቀን የልዑካን አቀባበል ቢሮ ተቋቋመ። ተሞክሮው እንዲስፋፋ አቅጣጫ ስለተቀመጠ ትምህርት ቤቶች መምጣት ነበረባቸው፤ የእኛ ሥራ ሁሉም በአንድ ቀን እንዳይመጡ ማድረግ ብቻ ሆነ። በዚህ ሳምንት ኢተያ፣ በሚቀጥለው ሁሩታ፣ ከዚያ በቆጂ። በየልዑካኑ ማለዳ ቦቴው ይመጣል። እንግዶቹ እጃቸውን ታጥበው ምሳ በልተው ይሄዳሉ፤ እኛ በተረፈው እስከሚቀጥለው ልዑካን እንቆያለን። ጫልቱ በርሜሎቹ ሲጎድሉ ለፈይሳ ትነግረዋለች፣ ፈይሳ ለርዕሰ መምህሩ "ሌላ ልዑካን ሊመጣ ጠይቋል" ይላል። ርዕሰ መምህሩ ቦቴ ያስጠራል። በዚያ ወቅት ጫልቱ ከክፍል አልቀረችም።

ልዑካኑ ያዩትን ይዘው ሄደው አደራጁ። የኢተያዎቹ ስንዴ ማሳ አጠገብ የመብራት ማማ ቢሮ ከፍተው ምን ያህል ከፍታ ሊኖረው እንደሚገባ እኔን በስልክ አማከሩኝ፤ ስንዴው ከሚደርስበት በላይ እንዲሆን በትሕትና መከርኳቸው። በቆጂዎቹ የጠረፍ ጥበቃ ኃላፊያቸውን የመረጡት በሩጫ ነው፤ ምንም መርከብ ሊያመልጠው አይችልም ተብሎ። አንዳቸውም ባሕሩ የት እንዳለ አልጠየቁም። ቲቸር ከድርም አልደበቁም። ቢጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ ይሉ ነበር። ግን መዋቅሩ የተሟላ ከሆነ ስለ ባሕሩ የሚጠይቅ ሰው የለም።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ርዕሰ መምህሩ ፊቱ ገርጥቶ ክፍላችን ገባ። ከላይ አንድ ትልቅ ኃላፊ ተሞክሮውን ለማየት ሊመጡ ነው አለ። ቲቸር ከድር አልደነገጡም።

"ምን ይመርቃሉ?" አሉት።

"እንዴት ማለትዎ ነው፣ ኦቦ ከድር?"

"እንደዚያ ያለ ሰው መጥቶ ሪባን ሳይቆርጥ ከሄደ በማን ይፈረዳል? ባንተ ነው።"

ርዕሰ መምህሩ ተቀመጠ። ግቢው ውስጥ የሚመረቅ ነገር እንደሌለ እያሰበ መሆኑ ያስታውቃል።

"የባሕር ክልል ነን" አሉት ቲቸር ከድር በእርጋታ። "ወደብ እናስመርቃቸው። ወደብ ማለት ውሃ ያለበት ቦታ ነው።"

ለዓመታት ጥያቄ ከማን ወደ ማን መምጣት እንዳለበት ሲከራከሩ የኖሩት ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ቅዳሜና እሑድ አብረው ቆፈሩ። ሰኞ ዕለት ስንገባ ከሽንት ቤቱ አጠገብ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ በሴራሚክ የተለበጠ፣ ረድፍ ቧንቧዎች ያሉት መታጠቢያ ቆሞ ነበር። ከላዩ "ወደብ" ተብሎ ተጽፎበታል። ከጎኑ የመራቂውን ኃላፊ ስም የያዘ እብነ በረድ በጨርቅ ተሸፍኗል።

ኃላፊው መጡ። ሪባኑን ቆረጡ፤ ጨርቁን ገለጡ፤ ቧንቧውን ከፈቱ፤ ውሃው ወረደ። ሁሉም አጨበጨበ። ጫልቱ አላጨበጨበችም፤ እጇን ውሃው ሥር አድርጋ ነበር። ከዚያ ወደ ክፍላችን ገቡ። ከኋላቸው የተከተሉት ሰዎች ብዛት ወንበር አልበቃቸውም። ሠንጠረዡ ፊት ቆመው ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ ወደብ፣ ጀልባ፣ ዓሣ፣ ጨው፣ መብራት ማማ። ከዚያ በዓመቱ ውስጥ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቁ።

"ጥሩ ነው። ባሕሩስ የት ነው?"

ቲቸር ከድር አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ፈይሳ ቀደማቸው። ዓመት ሙሉ ርዕሰ መስተዳድር ሆኖ ቋንቋውን ተምሯል።

"ባሕሩ በጥናት ላይ ነው፣ ክቡርነትዎ።"

ኃላፊው በቁም ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጥናቱ ይፋጠን" አሉ። ከኋላቸው የቆሙት ሁሉ ጻፉ።

መጀመሪያ የሳቀው ሕዝቡ ነበር። ሮባ ጥጉ ላይ፣ ቦታው ላይ ተቀምጦ፣ ዓመቱን ሙሉ የተወያየበትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሳቀ። ቀጥሎ እኛ ሳቅን፤ መምህራኑ ሳቁ፤ ከጻፉትም አንዳንዶቹ የጻፉትን መልሰው ሲያነቡ ሳቁ። ኃላፊው በመስኮቱ ወደ ጭላሎ አዩ። ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ። ምሳ ሳይበሉ ሄዱ።

ቲቸር ከድር ለግምገማ ተጠሩ። እዚያ የተባለውን የነገሩን ቃለ ጉባኤ የያዙት የሒሳብ መምህራችን ናቸው። በመንግሥት መዋቅር ላይ ተሳልቀዋልና ስሕተትዎን ይመኑ ተባሉ። እሳቸውም መሐረባቸውን አውጥተው፣ እኔ ያስተማርኩት መጽሐፉ ላይ ያለውን አደረጃጀት ነው፣ አንድም ሣጥን አልጨመርኩም አሉ። ከዚያ ይህን አሉ፦ "የሳቀው ሕዝቡ ነው። መገምገም ካስፈለገ ሕዝቡን ገምግሙ።"

ከበቆጂም አልፎ፣ ውርጭ ገብሱን በሚያቃጥልበት ከፍታ ላይ ወዳለ አዲስ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። የዝውውሩ ምክንያት ልምዳቸውን እንዲያካፍሉ ነው ተባለ። ጡረታቸው እንደቀረበ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ቅጣት ነው ያለ ሰው ግን አልነበረም።

ሊሄዱ ሲሉ ሳሙና ይዘው ወደ ወደቡ መጡ። ኮታቸውን አውልቀው ለሮባ ሰጡት። በዚያ ብርድ በእጅጌ ጉርዱ ሸሚዝ ብቻ ቆመው እስከ ክርናቸው ድረስ ታጠቡ። እጅጌ መሰብሰብ አላስፈለጋቸውም። ያ ሸሚዝ አሰላ ውስጥ ለአንድ ነገር ሲጠቅም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሲጨርሱ ወደ ጫልቱ ዞሩ። "ኃላፊዋ፣ ዝጊው" አሏት። "ውሃ አይባክን።"

ሠንጠረዡ ከግድግዳው ተነቀለ። "ወደብ" የሚለው ጽሑፍ በነጭ ቀለም ተሸፈነ። ቧንቧውን ግን ማንም አልነካውም፤ የኃላፊው ስም እብነ በረዱ ላይ አለ። እስከ ዛሬ በተበላሸ ቁጥር በማግሥቱ ይጠገናል።

ሁሩታ ስደርስ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። በሴቶቹ በኩል ገብቼ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ወፍራም ሹራብ ለብሳ ፀጉሯን በሻሽ የሸፈነች አንዲት ልጅ ነበረች፤ ፊቷ የደጋ ልጅ ፊት ነው፣ ጉንጯ በብርድ ቀልቷል። የማን ዘመድ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ዘመድ ሳልሆን አሰላ ያስተማሩኝ ተማሪ መሆኔን ነገርኳት። ልጅቷ ወዲያው ቀና አለች።

"ሐሊማ እባላለሁ" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "የበረሃ ክልል የግመል ሀብት ቢሮ ምክትል ኃላፊ ነኝ።"

 እኔም ራሴን በማዕረጌ አስተዋወቅኩ። ቲቸር ከድር በተዛወሩበት ትምህርት ቤት ስለ እኛ እንደነገሯቸው አወራችኝ፤ ስለ ዓሣው፣ ስለ ወደቡ፣ ስለ ሁሉም። "ሕዝቡስ ደህና ነው?" አለችኝ። በድንኳኑ ቀዳዳ አሳየኋት፤ ሮባ ማዶ ለሚመጣው ሰው ወንበር እየደረደረ ነበር።

ውሃ ገብቶላቸው እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ቦቴው መምጣት ጀምሮ ነበር" አለች ሐሊማ። "ቲቸር ከታመሙ በኋላ ግን እንግዳ የሚጠራ የለም። አሁን ከወንዝ ነው የምንቀዳው። ሴቶቹ እንደገና መቅረት ጀምረዋል።" ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም፤ እግሯ ሥር ያለውን ምንጣፍ ነበር የምታየው። ወንዶቹ ያን ቀን ዴስካቸውን እንዳዩት።

ወጥቼ ፈይሳን ከወንዶቹ መካከል ጠራሁት፤ ጫልቱም መጣች፤ ሮባ ወንበሩን ይዞ ተከተለን። ከድንኳኑ ጀርባ፣ አጥሩ ሥር፣ ካቢኔው ተሰበሰበ። ክልላችን ከተመሠረተ ጀምሮ ሪፖርት ሳይቀርብ ውሳኔ ላይ የተደረሰበት ስብሰባ ያ ብቻ ነው። ሕዝቡም ድምፅ ሰጠ። ፈይሳ እኔ ከሐሊማ በተቀበልኩት የርዕሰ መምህራቸው ቁጥር ደወለና ድምፁን አወፈረ። ከሦስት ዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጣ የልዑካን ቡድን የበረሃ ክልሉን ተሞክሮ ለማየት ቅዳሜ ሳምንት እንደሚመጣ ገለጸ። ውሸት አልነበረም። እሱ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ጫልቱ ሌላ፣ እኔ ሌላ።

ሰውየው በሌላኛው ጫፍ ሲነሣ የወንበሩ ድምፅ ተሰማ። ቦቴ እንደሚያስጠራ፣ አቧራው እንደሚርከፈከፍ፣ ምሳ እንደሚዘጋጅ ቃል ገባ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ። ፈይሳ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ እኛ ዞረ።

"የሚመረቅ ነገር ይኖር እንደሆነ እየጠየቀ ነው።"

ጫልቱ ስልኩን ከእጁ ወሰደችው።

"ይኖራል" አለችው። "ቁፋሮውን ግን ከአሁኑ ጀምሩ።"